ትቀስቅሰው ወይስ ትተወው?

ፋርማሲስቷ ደብዳቤዋን የጻፈችው ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ ከመድኃኒት መደርደሪያው ጀርባ ቆማ፣ በሁለት ደንበኞች መካከል ባገኘቻት አጭር ፋታ ነበር። «ቅዳሜ አሥር ሰዓት ቤታችን ና። አባባ ሊሰማህ ፈቅዷል። ካልመጣህ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የኢንጂነሩ ቤተሰቦች መልስ ሊሰሙ ይመጣሉ፤ እኔም እሺ እንድል ቃል አስገብቶኛል። እስከዚያ ልንነጋገር አንችልም። እንዳለህ ና።» ከዚህ በላይ አልጻፈችም። ወረቀቱን አጥፋ ክኒን በምትሰጥበት ትንሽ ፖስታ ውስጥ ከተተችና አፉን በሙጫ አሸገች። «ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ» ከሚለው ሰንጠረዥ በላይ በቀይ ብዕር ትልቅ «3» ጻፈችበት። መከራውን ያመጣው ይህ ቁጥር ነው።

አባቷ ሠላሳ ዓመት በዳኝነት ያገለገሉ፣ ጡረታ ከወጡ በኋላም ቤታቸውን እንደ ችሎት የሚያስተዳድሩ ሰው ናቸው። ልጃቸው ከደረጃ ሥር ባለች ኪዮስክ ስልክና የጌም ማጫወቻ የሚጠግን ሰው እንደምትወድ በነገረቻቸው ዕለት አልጮኹም። መነጽራቸውን አወለቁና፣ «ሌላው ወገን ሳይሰማ አልፈርድም» አሉ። «አንድ መጥሪያ ብቻ፣ ያውም በጽሑፍ። ከዚያ በኋላ እስከ ቀጠሮው ሰዓት አታነጋግሪውም፤ የተጠና ምስክርነት አልሰማም። በሰዓቱ ካልቀረበ በሌለበት ይወሰናል። አንቺም ለወዳጄ ልጅ እሺ ትያለሽ።» ኢንጂነሩን አትጠላውም፤ ጨዋ ሰው ነበር። ብቻ ከእሱ ጋር ስትቀመጥ የግድግዳው ሰዓት ሲቆጥር ይሰማታል። ከጠጋኙ ጋር ስትሆን ግን ሰዓት የሚባል ነገር መኖሩን ትረሳ ነበር።

ሁለቱን ያገናኛቸው አንድ ጌም ነው። አንባቢ በዚህ እንዳይስቅ እለምናለሁ፤ ሰዎች ከዚህ ባነሰ ምክንያትም ተገናኝተው ትዳር መሥርተዋል። ጌሙ «ዘጠኝ ሺህ እንቅልፍ» ይባላል። ዘጠኝ ሺህ ሰዎች በበረዶ ውስጥ ተኝተው በጠፈር መርከብ ወደ አዲስ ምድር ይጓዛሉ፤ ነቅታ የምትጠብቃቸው አንዲት መሪ ብቻ ናት። በመጨረሻው ምዕራፍ ጉዞው ገና ስድሳ ዓመት እንደሚቀረው ታውቃለች። ያን ጊዜ ተጫዋቹ ከሦስት አንዱን እንዲመርጥ ይጠየቃል። አንደኛ፣ ሁሉንም ቀስቅሳ ወደመጡበት ትመለስ። ሁለተኛ፣ ማንንም ሳትቀሰቅስ ብቻዋን አርጅታ ትሙት። ሦስተኛ፣ የምትወደውን አንዱን ሰው ብቻ ትቀስቅሰው፤ እሱም ምድሪቱን ሳይረግጥ ከእሷ ጋር እዚያው መርከብ ውስጥ ያርጅ። የትኛው ትክክል እንደሆነ ሠሪዎቹ አልተናገሩም። ከምርጫው በኋላ የሚታየውም ነገር እንዲህ ነው ተብሎ የሚዘጋ አይደለም። ስለዚህ የጌሙ ወዳጆች ማኅበር አቁመው፣ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ እየተሰበሰቡ ይከራከራሉ።

ማኅበሩ አንድ ጥብቅ ደንብ አለው። የቱ ይመረጥ በሚለው ላይ ማንም መናገር ይችላል። ከምርጫው በኋላ ምን እንደሚታይ ግን፣ በራሱ እጅ እዚያ ላልደረሰ ሰው አይነገርም። ስለዚያ የሚጽፍ ሰው ጽሑፉን አሽጎ የፍጻሜውን ቁጥር በላዩ ይጽፍበታል፤ እዚያ ፍጻሜ ያልደረሰ አይከፍተውም። በሁለት ዓመት ውስጥ ይህን ደንብ የጣሰ አንድም ሰው አልነበረም።

ፋርማሲስቷ ሐሙስ ዕለት ወደ ኪዮስኩ ስትሄድ ተዘግቶ አገኘችው። ፖስታውን ለጎረቤቱ ለጫማ ሻጩ መስጠት ነበረባት። ጫማ ሻጩ የማኅበሩ አባል ነው፤ ደግ ሰው ነው፤ የሰው ወሬ ግን እጁ ገብቶ አያድርም። ሦስተኛውን ፍጻሜ እንዳልጨረሰ ታውቅ ስለነበር «3» ብላ ስትጽፍበት ከቁልፍ የበለጠ ቁልፍ ያገኘች መሰላት። ጠጋኙ ደግሞ ረቡዕ በዕረፍቱ ቀን እጨርሰዋለሁ ብሏት ነበር። ቃሉን የሚያጥፍ ሰው አይደለም፤ ጨርሶታል ብላ አመነች።

አልጨረሰውም። ረቡዕ ጠዋት፣ ታምመው ከወንበራቸው የማይነሡ አንድ ጡረተኛ የባቡር ሾፌር የጌም ማሽናቸው ተቃጠለባቸው። የሚያስፈልገው ማቀዝቀዣ ፋን ከሁለት ሳምንት በፊት አይመጣም። ጠጋኙ የራሱን ማሽን ፈትቶ ፋኑን አወጣና ሐሙስ ጠዋት ቤታቸው ድረስ ሄዶ ገጠመላቸው። ስድስት ሰዓት ላይ ሲመለስ ጫማ ሻጩ ፖስታውን እያራገበ ጠበቀው።

«ከፋርማሲዋ ነው። ሦስት ቁጥር! እኔም ገና፣ አንተም ገና። እንግዲህ ፖስታውን እያየን እንቃጠል።»

ጠጋኙ ፖስታውን ደረት ኪሱ ውስጥ አስገባው። ስለ ሦስተኛው ፍጻሜ የምታስበውን ለእሱ ብላ ጽፋለት የለ? ያን ቀን ሥራውን እያቋረጠ በጨርቁ ላይ ስንት ጊዜ እንደዳሰሰው ራሱም አያውቅም።

ዓርብ ደወለላት፤ አላነሳችም። እንደገና ደወለ። ከሰዓት በኋላ ጫማ ሻጩ፣ የኢንጂነሩ ቤተሰብ መኪና በሳምንቱ ሁለት ጊዜ ዳኛው በር ላይ ቆሞ እንደታየ አወራለት። ጠጋኙ ያንን ሲሰማ የብየዳውን ብረት ከነትኩሳቱ ጠረጴዛው ላይ አጋደመው። እንጨቱ ሲጨስ እንኳ አላስተዋለም።

ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ማኅበሩ እንደ ልማዱ በአንድ ማጠናከሪያ ትምህርት ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተሰበሰበ። ሊቀመንበሩ የፊዚክስ መምህር ናቸው። ስብሰባውን ከመክፈታቸው በፊት ሦስተኛውን ፍጻሜ ያልጨረሱ እጃቸውን እንዲያወጡ ጠየቁ፤ ጠጋኙና ጫማ ሻጩ አወጡ። ፋርማሲስቷ ይህን አላየችም። ተረኛ ስለነበረች ነጭ ካፖርቷን እንኳ ሳታወልቅ የደረሰችው ስምንት ተኩል ላይ ነው፤ እንዳታነጋግረው ቃል ስላለባት በሩ አጠገብ ቆመች።

ጫማ ሻጩ እየተናገረ ነበር። «ስድሳ ዓመት ሙሉ ከማን ጋር ታውራ? ከማሽን ጋር? እኔ ከሚስቴ ጋር አንድ ቀን ሳልነታረክ ከዋልኩ ያመኛል። ትቀስቅሰው!»

«የሚስትህም አስተያየት ይመዝገብ?» አሉ ሊቀመንበሩ።

«ኧረ ቲቸር፣ እሷ ሁለተኛውን ነው የምትመርጠው!»

ሳቁ ሲበርድ ጠጋኙ ተነሣ። ፊቱ የሌሊት እንቅልፍ ያላገኘ ሰው ፊት ነበር።

«እኔ ትተወው ባይ ነኝ» አለ። «ሰውዬው ሲተኛ ምን ብሎ ነው የተኛው? ስነቃ ፀሐይ አያለሁ፣ መሬት እረግጣለሁ ብሎ ነው። ብቻዬን ከበደኝ ብላ ብትቀሰቅሰው ምን ትሰጠዋለች? ጠባብ ክፍል፣ የብረት ግድግዳ፣ በቃ። የሚወድ ሰው የሚወደውን ወደራሱ ችግር አይጠራም። ጥርሱን ነክሶ ያሳልፈዋል።»

«ቢጠራውስ?» አለ ከኋላ አንድ ድምፅ። «ቢጠራውና ሰውየው መምጣት ቢፈልግስ?»

ጠጋኙ ዞረና አያት። ዓይኖቻቸው ተገናኙ፤ ሁለት ቀን የታፈነው ናፍቆት ሁሉ በዚያች ቅጽበት ሊወጣ ፈለገ፤ የሚወጣበት ግን አላገኘም።

«ቢፈልግም» አለ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ። «መጥራት ቀላል ነው። ከባዱ አለመጥራት ነው።»

«ስለዚህ ጥሪው የደረሰው ሰው ዝም ቢል ልክ ነው?»

ጥያቄው አልገባውም። «ባይደርሰው ይሻለው ነበር ነው የምለው።»

«ገባኝ» አለች። ካፖርቷን ሰብስባ ወጣች፤ በሩንም በቀስታ ዘጋችው።

አንዳቸውም አልዋሹም። ሆኖም እያንዳንዳቸው ራሳቸውን በመሪዋ ወንበር አስቀምጠው ሌላኛቸውን በእንቅልፉ አልጋ አስተኝተው ነበር። እሷ፣ «ለምን ጠራሽኝ?» አለኝ ብላ ሰማች። እሱ ግን፣ ከተደላደለ ኑሮ አውጥቼ ወደ ጠባቧ ኪዮስኬ ልጠራሽ አልደፍርም ማለቱ ነበር። በምሳሌ ጀርባ ተሸሽጎ ልቡን የሚናገር ሰው ይህ እንደሚደርስበት ሊያውቅ ይገባዋል። ደረጃውን ስትወርድ እንባዋን ላለማፍሰስ እርከኖቹን ትቆጥር ነበር፤ ሃያ ሁለት ላይ ቁጥሩ ጠፋባት።

ዘጠኝ ተኩል ላይ ሊቀመንበሩ፣ «እንግዲህ ያልጨረሳችሁ ውጡልን» አሉ። ጠጋኙና ጫማ ሻጩ ኮሪደሩ ላይ ቆሙ።

«ምን አድርገሃት ነው?» አለ ጫማ ሻጩ። «ፍርድ እንደሚጠብቅ ሰው ነበር የምታይህ።»

«ስለ ጌሙ እኮ ነው።»

«የትኛው ጌም ወንድሜ? ‹ጥሪው የደረሰው ሰው› ነው ያለችው። እዚያ የተኛው ሰውዬ ጥሪ ደርሶት ያውቃል? በረዶ ሆኖ? በምን ጆሮው?»

የጠጋኙ እጅ ወደ ደረት ኪሱ ሄደ። ፖስታው በላቡ ለስልሶ፣ ቀዩ ቁጥር ጠርዝ ጠርዙ ፈዝዞ ነበር። በጣቱ ሙጫውን ነካና ቆመ። በሩን ከፍቶ ተመልሶ ገባ።

«ቲቸር፣ ይቅርታ። ደንብ ልጥስ ነው።»

«ከጣስክ ስድስት ወር ትታገዳለህ» አሉ ሊቀመንበሩ።

«ልታገድ።»

በሁሉም ፊት ቀደደው። አራት መስመር ለማንበብ የፈጀበት ጊዜ፣ ፊቱን ይመለከቱ ለነበሩት እጅግ ረጅም ነበር። ሰዓቱን አየ፤ ዘጠኝ ከአርባ። ማንንም ሳይሰናበት ሮጠ። ሲሮጥ በጆሮው የሚያስተጋባው የገዛ ድምፁ ነበር፤ «ባይደርሰው ይሻለው ነበር።» እንዲህ ያለ ኀፍረት ከዚያ በፊት አያውቅም።

የዳኛው ሳሎን ውስጥ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል።

«መጥሪያው ደርሶታል?» አሉ ዳኛው።

«ደርሶታል።»

«በምን አወቅሽ?»

«በማኅበሩ ፊት ሲናገር ሰማሁት፣ አባባ። አይመጣም።»

ዳኛው እንዲህም ሆኖ አሥር ሰዓት እስኪሞላ ጠበቁ። ከዚያም በላይ ሩብ ሰዓት ጨመሩ፤ ይህን በችሎት ዘመናቸው ለማንም አድርገው አያውቁም። በመጨረሻ፣ «ቃልሽስ?» አሉ። እሷም መስኮቱን እያየች፣ «ይምጡ» አለች።

ደወሉ ሲጮህ ከፍተው ያስገቡት ራሳቸው ዳኛው ናቸው። ጠጋኙ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቆ፣ ትንፋሹ ተቆራርጦ ምንጣፉ ጠርዝ ላይ ቆመ።

ዳኛው ሰዓታቸውን አዩ። «አሥር ሰዓት ከሃያ ስድስት።»

«አውቃለሁ፣ ክቡር ፍርድ ቤት…» አለና ጆሮው ቀላ። «ይቅርታ፣ አባቴ ማለቴ ነው። ማለት፣ የእሷ አባት።»

«ለጊዜው የማንም አባት አታድርገኝ። መጥሪያው መቼ ደረሰህ?»

«ሐሙስ ስድስት ሰዓት።»

«መቼ አነበብከው?»

«ዛሬ፣ ዘጠኝ ከአርባ።»

«እስከዚያ የት ነበር?»

ደረቱን ነካ። «እዚህ።»

ፋርማሲስቷ ከመቀመጫዋ ተነሣች። «ሁለት ቀን ሙሉ ደረትህ ላይ ይዘኸው ዞርክ?»

«ሦስት ቁጥር ነበራ! እኔ ሦስተኛውን አልጨረስኩም። የማሽኔን ፋን ለባቡር ሾፌሩ ሰጠሁትና…» ሁሉንም ተናገረ፤ ጌሙን፣ ደንቡን፣ ሽማግሌውን፣ ያልተነሣውን ስልክ። ዳኛው አላቋረጡትም።

«ብትከፍተው ማን ያይህ ነበር?» አሉ ሲጨርስ።

«ማንም።»

«ታዲያ?»

«ያሸገችው እሷ ናት። እንዳልከፍተው የፈለገች መስሎኝ።»

ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ፤ በመሐረባቸው ረጅም ጊዜ ወለወሉት። «በሌለበት የተወሰነ ጉዳይ፣ በቂ ምክንያት ከቀረበ እንደገና ይታያል» አሉ። «ምክንያቱ የሞኝ ነው። ግን በቂ ነው። ተናገር።»

«እኔ መጀመሪያ ልናገር፣ አባባ» አለች ልጃቸው። «እሺ፣ አላነበብከውም። ታዲያ ሃያ ሰው ፊት ‹የሚወድ ሰው አይጠራም› ስትል ስለማን ነበር?»

«ስለ እኔ» አለ ጠጋኙ። «የምትጠራው መሪዋ እኔ ነበርኩ። የተኛሽው አንቺ። ስልክ አታነሺም፤ የሰዎቹ መኪና በራችሁ ላይ ቆመ አሉኝ። ይህን ቤት እይው እስቲ። ከዚህ አውጥቼ ወዴት ነው የምወስድሽ? ልተዋት፣ መሬቷ ላይ ትድረስ አልኩ። ሌሊቱን ሙሉ ይህንኑ ለራሴ ስደጋግመው ነው ያደርኩት።»

«ማን ተኛች አለህ?» ጮኸች። በዚያ ቤት ውስጥ ማንም ጮኾ አያውቅም። «ስምንት ዓመት በእግሬ ቆሜ የምሠራ ሰው ነኝ! ክፍልህ ጠባብ መሆኑን አላየሁትም? ስንት ቀን ነው ጉልበቴ ከጉልበትህ እየተጋጨ እዚያ የተቀመጥኩት? አባባ በቀጠሮ ሊሰጠኝ፣ አንተ በዝምታ ልትተወኝ! ሁለታችሁም አልጋ ላይ አስተኝታችሁኝ ከራስጌዬ ቆማችሁ ትከራከራላችሁ!»

ጠጋኙ ራሱን ደፋ። ዳኛውም መሐረቡን እያጠፉ ቆዩ። ቀና ሲሉ የጠየቁት ነገር ማንም ያልጠበቀው ነበር።

«ያ ሰውዬ… ጨዋታው ላይ ያለው። ሲቀሰቀስ ምን አለ?»

ጠጋኙ በደመ ነፍስ ሁለት ጆሮውን ያዘ። «አልጨረስኩትም! ይቅርታ፣ ግን አልጨረስኩትም!»

ፋርማሲስቷ እያለቀሰች ሳቀች፤ ሳቋ ራሷን አናደዳት። «ያዝ፣ ደህና አድርገህ ያዝ» አለችው። ወደ አባቷም ዞረች። «ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ አባባ። ድምፁ አይሰማም። ከዚያ ይጨልማል። ግማሹ አመሰገናት ይላል፣ ግማሹ ረገማት።»

«ሁለት ዓመት የተከራከራችሁት በዚህ ነው?»

«በዚህ ነው።»

«የሰውዬው ቃል ከመዝገቡ ጎድሏል እኮ! ቃሉ ሳይሰማ እንዴት…» አሉና ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሱትም። ልጃቸውን አዩዋት። ፊታቸው ላይ አይታው የማታውቀው ነገር ሲያልፍ አየች። «አንቺንም» አሉ፣ ቀስ ብለው። «‹እሺ ትያለሽ› ነው ያልኩሽ። አልጠየቅኩሽም።»

«አልጠየቅከኝም፣ አባባ።»

ዳኛው ወደ መስኮቱ ሄደው ጀርባቸውን ሰጡ። ጠጋኙ እጆቹን ከጆሮው አወረደ፤ ምን እንዳለፈው ባያውቅም የእሱ ተራ መሆኑን አውቋል።

«ከእኔ ጋር ትኖሪያለሽ?» አለ። «ቤቴ ጠባብ ነው። ፀሐይ የሚገባው ከሰዓት በኋላ ነው፣ እሱም ትንሽ ነው። እየጠየቅኩሽ ነው።»

በአውራ ጣቱ ላይ ያለውን የብየዳ ጠባሳ፣ የተጨማደደውን ሸሚዝ፣ የደፈረሱ ዓይኖቹን አየች።

«እኖራለሁ» አለች። «ግን ተቆጥቼብሃለሁ። ዛሬ የሚበርድልኝ አይመስለኝም።»

«እስኪበርድልሽ እጠብቃለሁ።»

«ሄደህ እንዳትጠብቅ። እዚሁ ሁንና ልቆጣህ።»

ከውጭ የመኪና ሞተር ድምፅ ተሰማ፤ በሩ አጠገብ ሲደርስ ጠፋ። ለአሥራ አንድ አምስት ጉዳይ ነበር። ዳኛው ከወንበሩ መደገፊያ ላይ ኮታቸውን አንሥተው ለበሱ። የሚመጣው የአርባ ዓመት ወዳጃቸው ነው፤ በሕይወታቸው ለማንም የሰጡትን ቃል አጥፈው አያውቁም። የኮቱን ሁለተኛ ቁልፍ በአንደኛው ቀዳዳ ቆለፉት፣ ፈቱት፣ እንደገና ተሳሳቱ።

«አባባ፣ ይምጡ ያልኩት እኔ ነኝ። እኔ ልንገራቸው።»

«እንድትይ ያደረግኩሽ እኔ ነኝ።»

«አብረን እንውጣ እንግዲህ» አለች። ቀርባ ቁልፎቹን አስተካከለችላቸውና ክንዳቸውን ያዘች። ከኮቱ በታች ክንዱ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሠላሳ ዓመት በሰው ዕጣ ላይ ሲፈርም የኖረ ክንድ እንደሚንቀጠቀጥ እስከዚያች ሰዓት አታውቅም ነበር። ለአባቷ ያዘነችው ሐዘንና ለራሷ የተሰማት ደስታ አንድ ላይ መጡባት፤ በሩ ላይ ስትደርስ በፊቷ የሚወርደው እንባ የየትኛው እንደሆነ መለየት አቃታት።